ከዐቃቤ ሕግ ማዶ የሚቆመው የመንግሥት ደመወዝተኛ

የሸካ ዞን ዋና ከተማ ማሻ ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዝናብ በማያጣው ደን መሐል ትገኛለች። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መቀመጫ እዚህ ነው። በማሻ፣ በአንድራቻ ወይም በየኪ ወረዳ የሰው ነፍስ ጠፍቶ ክስ ከተመሠረተ ጉዳዩ በወረዳ ፍርድ ቤት አያልቅም፤ ወደ ከፍተኛው ይመጣል። ችሎቱ ሲሰየም ከፊት ዳኞች፣ በአንድ ወገን ዐቃቤ ሕግ ይቀመጣሉ። በሌላው ወገን፣ ከተከሳሹ አጠገብ፣ ብዙ ሰው በቅጡ የማያውቀው ባለሙያ ይቆማል። እሱም እንደ ዳኞቹና እንደ ዐቃቤ ሕጉ ደመወዙን የሚያገኘው ከመንግሥት ነው። ተከላካይ ጠበቃ ይባላል።

ተከሳሹና ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥርጣሬ ይታወቃል፤ የመንግሥት ሰው እንዴት አድርጎ ከመንግሥት ያድነኛል? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የፌዴራሉ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የተደራጀው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ስለሆነ፣ ተከራካሪው የዳኛው ቤት ሰው መስሎ መታየቱ አይቀርም። እንዲያም ሆኖ ኪሱ ባዶ ለሆነ ተከሳሽ ሌላ በር የለውም ማለት ይቻላል።

በሩን የከፈተው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ይናገራል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ ያቆምለታል። ሁለቱም ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። ድህነት ብቻውን አይበቃም፤ ፍትሕ ይጓደላል አይጓደልም የሚለውን የሚመዝነው ደግሞ ፍርድ ቤቱ ነው። ስለዚህ ተከላካይ ጠበቃ በብዛት የሚታየው እንደ ግድያ ባሉ ከባድ ክሶች ነው። በትንሽ ስርቆት የተከሰሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይቆማል።

ሥራው በአገራችን የተጀመረበት አጋጣሚ የሚገርም ነው። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋም ከፊቱ የነበሩት ደንበኞች ቡና ለቃሚዎች ወይም የቀን ሠራተኞች አልነበሩም። የደርግ ባለሥልጣናት ነበሩ። ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ችሎት ፊት መቅረብ ሲጀምሩ፣ ጠበቃ መቅጠር ላልቻሉት መንግሥት ማቆም ነበረበት። ክርክሩ 12 ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠ። ትናንት ሌላውን ያለ ፍርድ ይቀጡ የነበሩ ሰዎች የነፃ ጠበቃ የመጀመሪያ ተጠቃሚዎች ሆኑ። እኔ ይህን እንደ ምፀት ብቻ አላየውም፤ እንዲህ ያለ ተቋም ሕዝብ ለሚወደው ተከሳሽ ብቻ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ የምንጽፈው ባልኖረ ነበር።

በክልሎችም ተከላካይ ጠበቆች በፍርድ ቤቶች ሥር ተደራጅተው ይሠራሉ። ሸካ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የደቡብ ክልል አካል ስለነበረ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚቀመጠው ሐዋሳ ነበር። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሲመሠረት ይህ ሩቅ መንገድ አጠረ።

ተከላካይ ጠበቃው በእርግጥ ምን ይሠራል? እንበል፣ በቡና ለቀማ ወቅት በየኪ ሁለት ጎረቤታሞች በማሳ ድንበር ይጣላሉ። አንደኛው በገጀራ ተመትቶ ይሞታል። ገዳዩ አልካደም፤ እንዲያውም ራሱ ሄዶ እጁን ሰጥቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጠበቃ ምን ያደርግለታል ይላል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ግን የሰው መግደልን በአንድ ሚዛን አይመዝንም። በአንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። በአንቀጽ 540 ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በአንቀጽ 541 ደግሞ፣ ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ ወይም በከባድ ቁጣ ቀስቃሽ ድርጊት ተገፍቶ የገደለ ሰው ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ያው አንድ ሬሳ፣ ያው አንድ ገጀራ፤ ልዩነቱ ግን የአንድ ሰው ጎልማሳነት በሙሉ ነው።

የተከላካዩ ድካም ያለው በእነዚህ ሦስት አንቀጾች መካከል ነው። መጀመሪያ ማን ሰነዘረ? ገጀራው ለጠብ ከቤት የመጣ ነው ወይስ ለሥራ በእጅ የነበረ? ሟች ባዶ እጁን ነበር? ከስድቡ እስከ ምቱ ምን ያህል ጊዜ አለፈ? የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች እነዚህን ሳይጠየቁ አይነግሩም፤ በመስቀለኛ ጥያቄ መውጣት አለባቸው። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። ይከላከል የሚል ብይን ከተሰጠ ደግሞ የመከላከያ ምስክር ፍለጋ ይጀመራል፤ ያም የመጓጓዣና የቀን ውሎ ጣጣ ያለበት ነው። ጥፋተኛ ከተባለም በኋላ ሥራው አያበቃም። በአንቀጽ 82 ያሉትን ማቅለያዎች መሰብሰብ ይቀራል፤ የቀድሞ ጠባዩ መልካም መሆኑን፣ መጸጸቱን፣ የቻለውን ያህል መካሱን። ሽማግሌ ገብቶ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ደም ካደረቀ መንግሥት ክሱን አይተውም፤ ካሳውና ጸጸቱ ግን በቅጣት ማቅለያነት ችሎት ፊት ሊቀርቡ ይችላሉ።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ገጠር አንድ ወጣት 14 ይሁን 16 የሚያውቀው ማነው? ሕጉ ግን 15 ዓመትን ከባድ ድንበር አድርጓታል። ከ9 እስከ 15 ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም። የሕክምና የዕድሜ ምርመራ ይታዘዝልን ብሎ በጊዜው የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ፖሊስ ቅጹ ላይ የሞላው ቁጥር እውነት ሆኖ ይቀራል።

ይሁንና የዚህ ሁሉ ጥረት ትልቁ ጠላት ሰዓት ነው። ተከላካዩ ሲደርስ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ተጽፎ አልቋል። ሕገ መንግሥቱ ጠበቃ የሚያቆምለት ለተከሰሰው ሰው ነው፤ ለተያዘው ግን በአንቀጽ 19 ሌሎች መብቶች ቢዘረዝርለትም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቁምለት አይልም። የተያዘ ሰው ጠበቃ ጠርቶ ማነጋገር ይፈቀድለታል፤ ከፋዩ ግን ራሱ ነው። በመያዝና በመከሰስ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ አጭር አይደለም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ሲባል ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም፤ የሸካን ክረምት መንገድ ያየ ሰው ይህ ሐረግ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይገባዋል። ከዚያ የጊዜ ቀጠሮ ይከተላል። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ገደብ አልተቀመጠም።

ቃል የሚሰጠው በእነዚህ ቀናት ነው። ሕጉ ተጠርጣሪው አልናገርም ማለት እንደሚችልና የተናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ይነገረው ይላል። ሸክኛ ወይም ሸኮኛ ወይም መዠንግርኛ አፉን የፈታ ገበሬ ግን ይህን በአማርኛ ሲነገረው ምን ያህሉ ይገባዋል? እርግጥ ነው፣ በማይገባው ቋንቋ ክርክር ለሚካሄድበት ተከሳሽ ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመድባል፤ ይህም የተጻፈው ስለ ተከሰሱ ሰዎች በሚናገረው በዚያው አንቀጽ 20 ነው። ያ ገበሬ «በገጀራ መታሁት» ብሎ «ገጀራው ቡና ልመነጥርበት ይዤው ነበር» የሚለውን ካልጨመረ፣ ከወራት በኋላ ማሻ ላይ ጠበቃው ሲጨምረው ፈጠራ ይመስላል። በእኔ አስተያየት የወንጀል ፍትሕ ይሻሻል ሲባል መጀመሪያ መነካት ያለበት እዚህ ነው፤ ችሎቱ ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያው።

ማላዊ ይህን ቀድማ አይታለች። ጠበቃ የሚጎድላት ያቺ አገር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሕግ ረዳቶችን አሠልጥና ወደ እስር ቤቶች ላከች፤ ኋላም ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ገቡ። ጠበቃ ባይሆኑም እስረኞችን በድራማ ጭምር እያስተማሩ ዋስትና እንዴት እንደሚጠየቅ አስጨበጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በዋና ከተማዋ የወጣው የሊሎንግዌ መግለጫ የሕግ ድጋፍ ከፖሊስ ጣቢያ ጀምሮ ይሰጥ ብሎ አፍሪካን ጠየቀ።

እኛም ዘንድ ከተከላካዩ ወንበር ተነሥቶ ሕግ ያስቀየረ ክርክር አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ተጠልፋ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ይዘው ተሟገቱ፤ ልጅቱም ራሷን ተከላክላለች ተብላ ነፃ ወጣች። ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ ቀዳዳ ትቶለት ነበር። የ1997ቱ ሕግ ቀዳዳውን ደፈነው፤ ጋብቻ የጠላፊን ተጠያቂነት አያስቀርም። ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆኗል። መዓዛም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን መርተዋል።

እንዲህ ያለ ማኅበር ግን በሕግ ሊዳከምም ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በፍትሕ ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። የማኅበሩ ነፃ የሕግ ድጋፍ ክፉኛ ተጎዳ። ክልከላው የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው፤ የተበተነ ባለሙያ ግን በአዋጅ አይመለስም።

ለማሻና ለአካባቢው የቀረው ሌላው በር ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዟል፤ ጠበቆቹ በብዛት የሚገኙት አዲስ አበባ ስለሆነ ሰዓቱ እዚህ ድረስ መምጣቱን እጠራጠራለሁ።

ዘመዱ ለታሰረበት አንባቢ ጥቂት ነገር ልጨምር። ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ የሚለው ጥያቄ ክሱ በሚነበብበት ቀን በቃል ለዳኛው ሊቀርብ ይችላል፤ አቅም ማጣትን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቀበሌ ማምጣት ያግዛል። ፍርዱ ካልተስማማው ይግባኝ የማለት ሐሳቡን በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። የፍርዱ ግልባጭ በእጁ ከገባ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለው።