ከሥር የሚሠራው ጠላት እና የማሽላው ተመራማሪ

በጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የወረዳችሁ እንደምታውቁት፣ የደጋው ገብስ ወደ ኋላ ቀርቶ የይፋት ቆላ ማሽላ ይቀበላችኋል። በማሽላ ማሳ መካከል ሐምራዊ አበባ ያላት አረም ብታዩ ግን ገበሬው በውበቷ አይደሰትም። አቀንጭራ ናት።

አንዲት አቀንጭራ እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ግን ይነቃል፤ ከሥሩ ጋር ተጣብቆም ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። አረሟ ከመሬት ብቅ ስትል ብዙው ጉዳት ደርሷል። መንቀል ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ይህን ጠላት ከሥሩ ለማጥናት ከተነሱት አንዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 በወሎንኮሚ፣ በሣር ክዳን ቤት ተወለዱ። እናታቸው እንዲማሩ ቆርጠው ተነሱ፤ ልጁም ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ እየሄደ ሳምንቱን እዚያው ይሰነብት ነበር። ከጅማና ከዓለማያ በኋላ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1978 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በሱዳን ሲሠሩም ድርቅን የሚቋቋም ድቃይ ማሽላ አዳቅለው በ1983 ለገበሬ ደረሰ።

ወደ ፐርዱ ተመልሰው ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር አቀንጭራን አጠኑ። መፍትሔው አረሟን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እጅግ ጥቂት የሚያመነጭ ማሽላ ማግኘት ነበር። ጠሪ ካላገኘ ዘሩ አይነቃም። በ1994 ስምንት ቶን የዚህ ማሽላ ዘር ለአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ፤ በአገራችንም ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለገበሬ ቀረቡ። ዘሩ ከማዳበሪያና ከእርጥበት ጥበቃ ጋር ሲጣመር ይበልጥ ይረዳል። ፕሮፌሰሩ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ።

ይህን የጻፍነው ስለ ግል እምነታቸው ለመናገር አይደለም። ነገር ግን ማሳ ሲደርቅ «ርግማን ነው» ብለን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥ፣ ወይም ሳይንስ የሚማረውን ወጣት «ከአገልግሎት ራቀ» የምንል ካለን እናስብ። የተራበውን ማብላት ጌታ ያዘዘው ነገር ነው (ማቴ. 25፡35)። ጸሎትም ሆነ ጥናት ለዚሁ ያገለግላሉ።

ለነፍሳችንም ትምህርት አለው። ኃጢአት አበባው የሚታየው ሥሩን ከያዘ በኋላ ነው። በየጊዜው አበባውን ከመቁረጥ ይልቅ «ጠላትን የሚጠራው በውስጤ ያለው ነገር ምንድን ነው?» ብለን በጌታ ፊት እንጠይቅ (ኤፌ. 4፡27)።