ስለ ልምምድና ስለ ዕረፍት ልክ፤ የአርሲ ሯጮችና የአዳማ ወጣቶች

በአዳማ ከተማ በማለዳ የወጣ ሰው በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡ ወጣቶችን ሳያይ አይመለስም። ማታ ደግሞ ሌሎች በየአዳራሹ ቴኳንዶ ወይም ትግል ሲለማመዱ ይገኛሉ፤ ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። «በሳምንት ስንት ቀን ትለማመዳለህ?» ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ «በየቀኑ፥ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል ነው። «ስንት ቀንስ ታርፋለህ?» ለሚለው ግን የተዘጋጀ መልስ ያለው ጥቂት ነው፤ ጥያቄው ራሱ የሰነፍ ጥያቄ ይመስላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ዕረፍት የልምምድ አንዱ ክፍል መሆኑን ማስረዳት ነው። የዕረፍቱም ልክ ከሻምፒዮን መርሐ ግብር የሚቀዳ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሰው ጠቅላላ ኑሮ የሚወጣ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሰው በሚሮጥበት ወይም በሚታገልበት ሰዓት አይጠነክርም፤ እንዲያውም ይደክማል። በጡንቻው ውስጥ የተከማቸው ስንቅ፥ ይኸውም ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ዓይነት፥ ይጎድላል። የጡንቻው ክሮች በጥቂቱ ይጎዳሉ፤ በአጥንቱም ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል። ብርታት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሰውነት የጎደለውን ሲሞላና የተጎዳውን ሲጠግን፥ ሲጠግንም ቀድሞ ከነበረው ጥቂት አልፎ ሲሠራ ነው። ሐንስ ሴልዬ የተባለው ሐኪም በ1928 ዓ.ም. ባወጣው አጭር ጽሑፍ፥ በአይጦች ላይ ካደረገው ምርመራ ተነሥቶ፥ ሰውነት ለብርቱ ጫና መጀመሪያ እንደሚደነግጥ፥ ቀጥሎ እንደሚቋቋም፥ ጫናው ካልተቋረጠም በመጨረሻ እንደሚዝል ገልጦ ነበር። የስፖርት አሠልጣኞች ይህን አሳብ ወስደው የሥራቸው መሠረት አደረጉት።

አስቸጋሪው ነገር የሰውነት ክፍሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አለመጠገናቸው ነው። የጎደለው ስንቅ በቂ እንጀራ፥ በሶ ወይም ድንች ከተበላ በአንድ ቀን ገደማ ሊመለስ ይችላል። ጡንቻ ከከባድ ሥራ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ቀን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጅማት ግን የደም ሥሩ ጥቂት ስለ ሆነ የሚለመልመው በሳምንታት ነው። አጥንትም ይዘገያል፤ ለዚያውም አዲሱን ከመሥራቱ በፊት የተጎዳውን አሮጌ ክፍል አስቀድሞ ያፈርሳል። ስለዚህ ልምምድ ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንቱ ለጊዜው ከቀድሞው የሚደክምበት ወቅት አለ፤ ተሠርቶ የሚያልቀውም በወራት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉበት ነገር ይታያል። ልብና ሳንባ ፈጥነው ስለሚለምዱ፥ አንድ ጀማሪ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ ተስተካክሎ ራሱን ብርቱ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ይጨምራል። የጨመረውም በትክክል አጥንቱና ጅማቱ ገና በጥገና ላይ ባሉበት ሰዓት ነው። የቅልጥም ሕመም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ወቅት ሲሆን፥ ሕመሙ ተንቆ ሩጫው ከቀጠለ ስንጥቁ ወደ እውነተኛ ስብራት ሊደርስ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከአዳማ ወደ ደቡብ በአሰላ መንገድ የሚጓዝ ሰው ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል። የአዳማ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ሲሆን፥ አሰላን አልፎ የሚገኘው በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። ደራርቱ ቱሉ፥ ፋጡማ ሮባ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚያው ከበቆጂና ከአካባቢው ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የአሰላ ሰው ነው። የእነዚህ ሰዎች ዝና የሸለቆውን ከተሞች፥ ሞጆን፥ መቂን፥ ባቱን፥ ሻሸመኔን ሁሉ አዳርሷል። ነገር ግን ከዝናው ጋር የተሰማው የልምምዱ ብዛት እንጂ የዕረፍቱ ብዛት አይደለም። የኢትዮጵያ ሯጮች ከባድ ልምምድ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። በሌሎቹ ቀናት በባሕር ዛፍ መካከል በሰልፍ እየተጠማዘዙ የሚሮጡት ሩጫ እንግዳ ሰው ቢያየው የሚያስቀው ዝግታ አለው። ከዚያም ተመልሰው፥ በልተው፥ ይተኛሉ። ለባለሙያ ሯጭ የቀን እንቅልፍ የሥራው ክፍል ነው። የአዳማው ተማሪ የሚቀዳው የጧቱን ሩጫ ነው፤ እንቅልፉን ለመቅዳት ግን የቀኑ ትምህርት አይፈቅድለትም።

ስለዚህ ነገር የአበበ ቢቂላ ታሪክ ከተለመደው በተለየ መንገድ ሊነበብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። በሚቀጥለው የውድድር ወቅት በአቴና፥ በኦሳካና በኮሺትሴ ሦስት ማራቶኖች፥ ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሮጦ ሁሉንም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የቦስተን ውድድር ድረስ፥ ማለት አንድ ዓመት ተኩል ያህል፥ በዓለም አቀፍ ማራቶን አልገባም። በቦስተንም አምስተኛ ወጣ። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን 35 ቀን በፊት፥ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የሆነ ሆኖ ጥቅምት 11 ቀን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ገብቶ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው፤ እንደ ጨረሰም በሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ።

ይህ ሁልጊዜ የሚነገረው እንደ ወኔ ተአምር ነው። ወኔውን ማን ይክዳል? ይሁን እንጂ ከልምምድ ሕግ አንጻር የሚያስተምረው ሌላ ነው። በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ በዓመታት የተገነባ ብርታት በጥቂት ሳምንት ዕረፍት ተንዶ አይጠፋም። ሁለት ቀን ያላሠለጠነ ሁሉ የጠፋ የሚመስለው ወጣት ይህን ማሰብ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ያው አበበ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ታማሚ እግሩን ይዞ ገብቶ፥ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴም አሸነፈ። የቶኪዮው አካል የሜክሲኮውን ሕመም በወኔ ሊሽረው አልቻለም። በእኛ ዘመን ቀነኒሳ በቀለ በ2002 ዓ.ም. የባቱን ጡንቻ ተጎድቶ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሳይወዳደር ቆይቷል። ነሐሴ 2003 ዓ.ም. በዴጉ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ አቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን በብራስልስ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰኮንድ ሮጠ።

አሁን ወደ አዳማ እንመለስ፤ የቦታው ጠባይ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና። የአየሩ ግፊት በበቆጂ ከባሕር ጠለሉ 71 ከመቶ ያህል ሲሆን በአዳማ ወደ 82 ከመቶ ይጠጋል። ከደጋ የወረደ ሯጭ ትንፋሹ ስለሚቀለው ይፈጥናል፤ በፈጠነም ቁጥር እግሩ መሬቱን የሚመታበት ኃይል ይጨምራል። ሳንባው ዐረፍኩ ሲል እግሩ የባሰ ሥራ ላይ ነው፤ ያውም በአስፋልት ላይ። በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። ሙቀት ሲበረታ ደም ጡንቻን ከመመገብ ሌላ ቆዳን ለማቀዝቀዝ ይከፈላል፤ ስለዚህ በማለዳ ቀላል የነበረው ፍጥነት በአራት ሰዓት ለልብ ከባድ ይሆናል። የሰዓት መቁጠሪያው አንድ ነው ቢልም ሰውነት አንድ ነው አይልም።

የኑሮው ጫና ደግሞ ከማናቸውም ይበልጣል። ቀኑን በወንጂ ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጥ ወይም ብሎኬት ሲሸከም የዋለ ሰው፥ መርሐ ግብሩ ባይጽፈውም፥ አንድ ከባድ ልምምድ ፈጽሟል። ማታ ሌላ ቢጨምር በቀን ሁለት ሆነ። ጾምም ከቁጥር መግባት አለበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ሆነ በረመዳን ምግቡ ስለሚዘገይ፥ በጾሙ ወቅት የከባድ ቀናትን ቁጥር መቀነስ ይገባል፤ ሽሮው፥ ምስሩና ባቄላው ጡንቻን ለመጠገን ይበቃሉ፥ የሚጎድለው መጠኑና ሰዓቱ ነው። ስለ ውኃም አንድ ነገር ልጨምር። በስምጥ ሸለቆው የብዙ ጕድጓዶች ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በወንጂ ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያለውን ውኃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ የአጥንትና የመገጣጠሚያ መድረቅ መታየቱ በሐኪሞች ተጽፏል። ስለዚህ የጀርባና የጕልበት ሕመም ሁሉ ከልምምድ ብቻ የመጣ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሶደሬ ወርዶ በፍል ውኃ መታጠብ ሕመሙን ያስታግሣል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ግን በፍል ውኃ አይገጥምም።

በትግል በኩል ሕጉ ያው ሆኖ አንድ ልዩነት አለው። ከጃፓን ጁዶ ተወልዶ በብራዚል ያደገው፥ ጁጂትሱ የሚባለው የመሬት ላይ ትግል፥ አንገትን፥ ክርንን፥ ጣትንና የጎድን አጥንትን ይጫናል፤ ሯጭ ፍጥነቱን ራሱ ሲወስን፥ የታጋይን ጫና ግማሹን የሚወስነው ባላጋራው ነው። ስለዚህ የዕለቱ ልምምድ ቀላል እንዲሆን የሚፈልግ ታጋይ አስቀድሞ ከጓደኛው ጋር መስማማት አለበት፤ ስልቱን በዝግታ መደጋገም እንጂ እስከ መሸነፍ መታገል የለበትም። በሳምንት ሁለት ቀን በሙሉ ኃይል መታገል፥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ስልት ማጥናት፥ ለሚማር ሰው በቂ ይመስለኛል። ለሯጩም ቢሆን ሁለት ከባድ ቀን፥ በመካከላቸው ሁለት ቀን ቀላል ሩጫ፥ ቢያንስም አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ብዬ እጀምር ነበር።

ልኩ ማለፉን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጧት ከአልጋ ሳይነሡ ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ አድርጎ የልብን ትርታ ለአንድ ደቂቃ መቁጠርና በደብተር መጻፍ ነው። ለሁለት ሳምንት የተጻፈው የሰውየውን ልማድ ያሳያል። ከዚያ ቁጥሩ ከልማዱ ሰባት ወይም ስምንት ከፍ ብሎ ለሁለትና ለሦስት ጧት ከቆየ፥ በተለይም እንቅልፍ ከራቀ፥ ምግብ ካስጠላና ጠባይ ከተለወጠ፥ ያን ቀን ቀላል ማድረግ ወይም ጨርሶ መተው ይገባል። ምልክቱ ብቻውን እርግጠኛ አይደለም፤ ወባም፥ ጉንፋንም፥ የፈተና ሌሊትም ትርታን ከፍ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን በእነዚህም ቀናት ቢሆን ከባድ ልምምድ አይመከርም። ቆጠራው ግን ከቡና በፊት መሆን አለበት።