ሰኔና ሰኞ፣ በርበሬና 40 በመቶ

ግንቦት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አክስቴ በርበሬዋን ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥታ ቡና ታፈላለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። «አንተ ልጅ፣ ያ ስልክህ ምን ይላል?» አለችኝ። «40 በመቶ ዝናብ ይላል» አልኳት። «እንግዲያስ አይዘንብም» ብላ ጀበናዋን ጣደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንጦጦ በኩል የጠቆረው ደመና በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ሰሌኑን ከአራት ማዕዘን ይዘን ቤት እስክንገባ የበርበሬው እኩሌታ ረጥቧል። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬ በዚያ ቤት ስሙ «ውሸታሙ» ነው።

ስልኩ ግን አልዋሸም። 40 በመቶ ሲል፣ አየሩ እንደዚህ በሆነባቸው አሥር ቀናት ውስጥ በአራቱ እዚህ ቦታ ላይ ዝናብ ይጥላል ማለቱ ነው። ዝናቡ የቀኑን 40 በመቶ ሰዓት ይቆያል አላለም፤ ከከተማው 40 በመቶው ይረጥባል አላለም። ከግማሽ ስለሚያንስ ይናቅ አላለም፤ መናኸሪያ ከቆሙት አሥር አውቶቡሶች አራቱ ፍሬን የላቸውም ቢባል ማን ይሳፈራል? በዚያ ላይ ስልካችን ቁጥሩን የሚያመጣው ዓለምን በካሬ ከፋፍለው ከሚያሰሉ ሞዴሎች ነው። ከምርጦቹ አንዱ የሆነው የአውሮፓው ሞዴል እንኳ የካሬው ጎን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንጦጦ ጫፍና ፒያሳ አንድ ካሬ ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ፤ የግንቦት ዝናብ ደግሞ አንዱን ሰፈር አጥቦ የጎረቤቱን አቧራ ሳይነካ የሚያልፍ ነው።

ወደ ቡናው ልመለስ። ሁለተኛው ሲቀዳ ጎረቤታችን እትዬ «ሰኔ በምን ቀን ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁ። ለዝናቡ መጨነቃቸው ነው። ሰኔ 1 ሰኞ ከዋለ ዓመቱ ክፉ ነው የሚለውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ ነገር ሲበላሽብንም «ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» እንላለን። እንደ አነጋገር ግሩም ነው፤ እንደ ትንበያ ግን አይሠራም። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 1 ያለው 270 ቀን፣ ማለትም 38 ሳምንት ከ4 ቀን ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ከዋለ ሰኔ ሰኞ መግባቱ አይቀርም፤ በ28 ዓመት ውስጥም አራት ጊዜ ይገጥማል። 2001፣ 2007፣ 2012 እና 2018 እንዲህ ናቸው።

አማኞቹ 2007ን ይጠቅሱልኛል፤ እውነት ነው፣ የዚያ ዓመት ክረምት በሰሜንና በምሥራቅ ከባድ ድርቅ ነበር። ታዲያ 2012ስ? ሰኔ ሰኞ ገብቶ ክረምቱ እጅግ ዘነበ፤ አዋሽ አፋር ላይ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ካርቱም ላይ ናይል በመቶ ዓመት ያልታየ ከፍታ ደረሰ። የ66ቱን የወሎ ረሃብ ካስከተሉት አንዱ የሆነው የ1964 ክረምት መክሸፍ ደግሞ ሰኔ ሐሙስ በገባበት ዓመት የሆነ ነው። ከ77ቱ ድርቅ በፊት የነበረው የ1976 ሰኔ የገባው ዓርብ ነው። ሰኞ በሌለበትም ዝናብ ቀርቷል።

የ2007ቱን ክረምት ያዳከመው ሩቅ ያለ ነገር ነው፤ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውኃ መሞቅ፣ ኤል ኒኞ። እዚህ ላይ ሌላ ተረት ይከተላል፦ «ኤል ኒኞ ማለት ድርቅ ነው» የሚል። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የክረምት ዝናብን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በቦረናና በሶማሌ ክልል የመኸር ወራት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከከሸፈ በኋላ፣ በጥቅምትና ኅዳር 2016 የመጣው ጎርፍ ከኤል ኒኞ ጋር የመጣ ነው።

ከሁሉ ውድ የሚያስከፍለው ግን «ዘነበ፤ ክረምት ገባ» ማለት ነው። በግንቦት መጨረሻ ሁለት ቀን በደንብ ከጣለ ዘር ይዘራል፤ ከዚያ ሰማዩ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቀን ይዘጋል፣ ቡቃያው ይጠወልጋል። ባለሙያዎች ዝናብ «ጀመረ» ለማለት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መለኪያ በሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡ፣ ከዚያም በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከዘጠኝ ቀን በላይ የዘለቀ ደረቅ ጊዜ አለመኖሩ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ማለት ያቺን የምናውቃትን ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። አክስቴ ይህን ስነግራት ጀሪካኗን አይታ «ያ ሁሉ?» አለች። አዎ፣ ያ ሁሉ፤ ለመጀመሪያ ብቻ።

ደግሞስ ክረምት የሚገባው ለማን ነው? በምዕራብ፣ ጎሬ ላይ፣ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ የመጣ ነው። በወሎ በበልግና በክረምት መካከል ሰኔ ላይ ክፍተት አለ፤ የሰኔ ድርቀት ክረምቱ ቀረ ማለት አይደለም። ቦረና ውስጥ ዋናው ዝናብ፣ ቦረናዎች «ገና» የሚሉት (የልደቱ ገና አይደለም)፣ በግንቦት ያበቃል፤ ሰኔ ለእነሱ የደረቅ ወራት መግቢያ ነው። አብዛኛው የኬንያና የሶማሊያ ክፍልም እንደዚያው።

ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ለ11 አገሮች የሚያወጣውን የሳምንት ካርታ ስናይ የምንሳሳተው ይህን የቦታ ልዩነት ስንረሳ ነው። አረንጓዴው «ከመደበኛ በላይ» ሲል «ብዙ ዝናብ» ብለን እናነበዋለን። መደበኛ የሚባለው ያ ቦታ በዚያ ሳምንት በብዙ ዓመታት አማካይ የሚያገኘው ነው። ኦጋዴን ላይ በሰኔ ከመደበኛ በላይ ማለት አቧራ የሚያጠፋ ካፊያ ሊሆን ይችላል፤ ጎሬ ላይ ከመደበኛ በታች ሆኖም ጃንጥላ ያስፈልጋል።

ስለ ወቅት ካነሳን፣ ጸደይን ከአደይ አበባ ጋር አያይዘን መስከረም ላይ የሰቀልነው እኛው ነን። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የአበባው ወቅት መፀው ይባላል።

ክረምት የሚቀዘቅዘው ፀሐይ ስለራቀች ነው የሚልም አለ። በግንቦት መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ወጥታችሁ ጥላችሁን እዩት፤ ወደ ደቡብ ወድቋል። ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች እንጂ ከአናታችን ብዙ አልራቀችም። ቀኑን የሚያቀዘቅዘው ደመናው ነው። ሌሊቱ የባሰ የሚበርደው ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሙቀቱ በሚያመልጥበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በረዶም የብርድ ልጅ አይደለም፤ መሬት ሲግል ሽቅብ የሚወነጨፈው አየር ጠብታውን ውኃ ወደሚረጋበት ከፍታ ይወስደዋል። ለዚህ ነው በሞቃቱ ግንቦትም የሚወርደው።

መብረቅ ቀይ ልብስ ይወዳል ስለሚባል እኛ ቤት ቀይ ሹራብ ይወልቅ ነበር። መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ ረዥም ነገር ይመርጣል። ቀዩን አውልቆ ዋርካ ሥር መጠለል ነው የሚገድለው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ፀሐይ ወጥታ ሲዘንብ «ጅብ ወለደች» የሚለውን ግን ማረም አልፈልግም። ለልጆቹ ይቆይላቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስልኩ 70 በመቶ አለ። አክስቴ በርበሬዋን በማለዳ አውጥታ፣ መሬቱ ግሎ ደመናው ሳይሰበሰብ፣ ሰባት ሰዓት ላይ አስገባችው። እስኪመሽ ተቀምጠን ጠበቅን። ጠብ አላለም። «ውሸታሙ» አለች፣ ስልኬን በአገጯ እየጠቆመች።