ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት

ባለፈው የማጠናከሪያ ትምህርት ሰሞን አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳ ላይ የሠራችው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ጥያቄው ከቀላሎቹ አንዱ ነበር። በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ የተወረወረች ኳስ ምን ያህል ከፍታ ትደርሳለች? ፎርሙላውን ሳታመነታ ጻፈች፣ ለመሬት ስበት 10 ተካች፣ 20 ሜትር አገኘች። ልክ ነው። ወደ ቦታዋ ልትመለስ ስትል አስቆምኳትና «ኳሷ ከእጅ ከወጣች በኋላ፣ ገና ሽቅብ እየሄደች ሳለ፣ ምን ምን ኃይል ያርፍባታል? በቀስት ሳዪልኝ» አልኳት። ወደ ታች አንድ አጭር ቀስት ሳለች። ቀጥላ ወደ ላይ የሚያመለክት፣ ከመጀመሪያው የሚረዝም ሌላ ቀስት ጨመረች።

«ይሄኛው የምንድን ነው?»

«የወረወርንበት ኃይል ነዋ ቲቸር። እሱ ባይበልጥ ኖሮ እንዴት ትወጣ ነበር?»

ጫፍ ላይ ስትደርስስ? ሁለቱን ቀስቶች እኩል አደረገቻቸው። አክስለሬሽኑስ? «ዜሮ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ የተቃወማት አልነበረም። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ያለፉትን ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ደጋግማ ሠርታለች፣ ፎርሙላ አይጠፋባትም። የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ከፍታውን ስታሰላ ከመነሻው እስከ ጫፉ አክስለሬሽኑን ወደ ታች 10 ብላ የተካችው ራሷ ነች። ያ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ሳይጠፋ ከሥሩ «ዜሮ» አለችኝ። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ እንደማይችሉ አልታያትም። አንዱን ለፈተና ነው የያዘችው፣ ሌላውን ግን ታምንበታለች፤ በአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሁለቱን ፊት ለፊት ያገናኘላት ሰው አልነበረም።

በቁጥር እንየው። ኳሷ ስትነሳ ፍጥነቷ 20 ነው። ከአንድ ሰከንድ በኋላ 10፣ ከሁለት በኋላ 0፣ ከሦስት በኋላ ወደ ታች 10፣ ከአራት በኋላ ወደ ታች 20። በየሰከንዱ የሚመጣው ለውጥ ያው 10 ነው፤ ዜሮ ላይ ሲደርስ አያርፍም። የፍጥነትና የጊዜ ግራፉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ዜሮን አቋርጦ ሲወርድ ዝንባሌው ቅንጣት አይለወጥም። ጫፍ ላይ ፍጥነቱም አክስለሬሽኑም ዜሮ ቢሆኑ ኖሮ ኳሷ እዚያው አየር ላይ በቀረች ነበር። ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ይስማማሉ። በሳምንቱ ገብቼ ስጠይቅ ያች ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ተመልሳ ቦታዋን ይዛለች።

ከቀስቷ ጀርባ ያለው እምነት አንድ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በሚሄድበት አቅጣጫ የሚገፋው ኃይል አለ፣ ኃይሉ ሲያልቅ ይቆማል። ልጆቹ ይህን ከየትም አላመጡትም፣ የኖሩበት ነው። ፈረሱ መጎተት ሲያቆም ጋሪው ይቆማል። የተገፋ ጠረጴዛ እጅ ሲነሳለት ይቆማል። ሰበቃን ማንም አያየውም፣ ስለዚህ የሚያቆመው ኃይል ሳይቆጠር ይቀርና «ገፊው ኃይል አለቀ» የሚለው ሐሳብ ብቻ ይቀራል። አርስቶትልም ከዚህ እምብዛም አልራቀም። የተወረወረን ነገር ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚያስኬደው በዙሪያው ያለው አየር ነው ይል ነበር። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን አልቀበልም ብሎ፣ ወርዋሪው በተወርዋሪው ውስጥ የሚያስኬደውን ኃይል ያሳድርበታል አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዣን ቡሪዳን ይህንኑ ሐሳብ አጠንክሮ አስተማረ። የተማሪዬ ረጅም ቀስት የፊሎፖኖስ ቀስት ነች። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን እስኪያሳትም ድረስ ታላላቅ አእምሮዎች የታገሉበትን ነገር እኛ 9ኛ ክፍል ላይ በአንድ ሳምንት «የኒውተን ሕጎች» ብለን አስጽፈን እናልፋለን። ከዚያ ልጁ ገብቶታል እንላለን!

ይህ የእኛ አገር ልጆች ድክመት ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው ደግሞ ሌላውን ልንገረው። በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስቴንስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ፊዚክስ ከመማራቸው በፊትና ከተማሩ በኋላ ፈትነው፣ መደበኛው ትምህርት እነዚህን እምነቶች እምብዛም እንደማይነካ አሳዩ። ከዚያ ሥራ ተነስቶ በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ብቻ የሚጠይቅ፣ ስሌት የማይፈልግ የምርጫ ፈተና ወጣ። ሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር የሃሉንንና የሄስቴንስን ፈተና ለተማሪዎቹ ሲሰጥ አንዷ «ባስተማርከን መሠረት ልመልስ ወይስ እኔ እንደማስበው?» ብላ እንደጠየቀችው በተደጋጋሚ ተናግሯል። የእኔዋ ተማሪ ይህን ጥያቄ በቃሏ አላወጣችውም እንጂ ሰሌዳው ላይ ጽፋዋለች።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ማትሪክ ላይ ፋይዳው ምንድን ነው? አንድ ጥያቄ ቢወጣበት ነው፤ ልጆቹ ደግሞ የአራት ዓመት ትምህርት መከለስ አለባቸው» ይሉኛል። ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል፣ ስህተት ስለሆነ። ያች ቀስት አንድ ምዕራፍ ውስጥ አትቀመጥም። ከስፕሪንግ ጋር የታሰረ ዕቃ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ አክስለሬሽኑ ግን ከየትኛውም ቦታ የሚበልጠው እዚያ ነው። ኳሷ ላይ «ዜሮ» ያለ ተማሪ እዚህም ዜሮ ይላል። ቻርጅ ያለው ቅንጣት ማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ ሲገባ ኃይሉ ሁልጊዜ ለፍጥነቱ ቀጤ ነክ ስለሆነ አቅጣጫውን ያዞረዋል እንጂ አያፈጥነውም፤ ኃይልና እንቅስቃሴ አንድ አቅጣጫ ካልሆኑ የማይዋጥለት ልጅ «ፍጥነቱ ይጨምራል» የሚለውን ምርጫ ያጠቁራል። በክብ የሚዞር ዕቃ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ይስላል። መሬትን የሚዞሩት ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት «ስበት ስለሌለ ነው» ይላል፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ስበት ግን መሬት ላይ ካለው ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጁ ገደማ ነው። የሚንሳፈፉት ከነቤታቸው አብረው ያለማቋረጥ እየወደቁ ስለሆነ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ብትቆጥሯቸው አምስት ምዕራፍ ይነካሉ፣ ሥራቸው ግን አንድ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻው ለማረም ከመሮጥ ያንን አንዱን ሥር መንቀል ጊዜ ይቆጥባል።

በጣም የምወደው መፈተኛ የሊፍት ጥያቄ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሊፍት ውስጥ ቆሟል፣ ክብደቱ 600 ኒውተን ነው። ሊፍቱ በማይለወጥ ፍጥነት ሽቅብ ሲሄድ ወለሉ እግሩን በስንት ኒውተን ይገፋዋል? አብዛኞቹ «ከ600 በላይ» ይላሉ፤ ሽቅብ እየሄደ ነዋ! መልሱ ግን ልክ 600 ነው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ ኔት ፎርሱ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ለመሆን ደግሞ ሁለቱ ቀስቶች እኩል መሆን አለባቸው። አሁን ሊፍቱ ቁልቁል ይሂድ፣ ለመቆም ሲቃረብም ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ይቀንስ። ወለሉስ? እዚህ ላይ ጎበዞቹም ይወድቃሉ። ወደ ታች ስለሚሄድ ከ600 ማነስ አለበት ብለው 480 ይጽፋሉ። መልሱ 720 ነው። ቁልቁል እየሄደ የሚቀንስ ነገር አክስለሬሽኑ ሽቅብ ነው፣ ስለዚህ የወለሉ ግፊት መብለጥ አለበት። 480 ያለው ተማሪ «ኤፍ ኢኩዋል ኤም ኤ» የሚለውን አልረሳም። ፎርሙላው ውስጥ ያስገባው አክስለሬሽንን ሳይሆን እንቅስቃሴውን ነው። ፎርሙላውን መቶ ጊዜ ቢሸመድደው ይኼ አይስተካከልም።

የክለሳ ልማዳችን ይህን ስህተት ይሸፍነዋል የምለው ለዚህ ነው። ክለሳ ማለት ወርክሺት ማባዛት ሆኗል። ልጁ ጥያቄውን ያነባል፣ የተሰጡትን ቁጥሮች ያወጣል፣ የሚመጥናቸውን ፎርሙላ ይፈልጋል፣ ይተካል። የኳሷን ከፍታ ለማግኘት ስለ ኃይል አንዲት ነገር ማሰብ አያስፈልገውም። ልክ ሲሆን ደስ ይለዋል፣ አስጠኚውም ምልክት ያደርግለታል፣ ወላጅም ይከፍላል። ማንም የማሰቢያውን ጎን አላየም። ፈተናው ላይ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ቁጥር ሳይሰጥ «የትኛው ሥዕል ትክክል ነው?» ሲል፣ ልጁ ወደ አሮጌ እምነቱ ይመለሳል። በምርጫ ፈተና ውስጥ ደግሞ ያ እምነት ሁልጊዜ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ይጠብቀዋል። ፈተና አውጪ የተሳሳተ ምርጫ የሚጽፈው እንዲሁ አይደለም፣ ተማሪዎች ምን እንደሚያስቡ ያውቃል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ የመምህር እጥረት፣ ጦርነት፣ ባዶ ላቦራቶሪ፣ የቋንቋ ችግር አለ፤ የእኔን ቀስት ብቻ ተጠያቂ አላደርግም። ነገር ግን ውጤቱ በተነገረ ቁጥር የምሰማው መድኃኒት «ተጨማሪ ጥያቄ ይሥሩ» ነው። ሲሠሩ እያየኋቸው ነው እኮ! ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። የሚሠሩት ነገር ያመኑትን ሳይነካ በጎን ያልፋል እንጂ።

መፍትሔው ላቦራቶሪ አይጠይቅም። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ሕግ አለኝ፤ ኃይል ሁሉ ባለቤት አለው። ቀስት የሳለ ተማሪ «ይህን ኃይል የሚያሳርፈው ማን ነው?» ሲባል አንድ ዕቃ በስም መጥራት አለበት። መሬት፣ ወለል፣ ገመድ፣ አየር፣ ስፕሪንግ። መጥራት ካልቻለ ቀስቱ ይጠፋል። «የወረወርንበት ኃይል» ባለቤቱ ማን ነው? እጅ ነው። እጅ አሁን ኳሷን ነክቷል? አልነካም። እንግዲያው አጥፋው። ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪውን ወደ ፊት የገፋው ማን ነው? ልጆቹ ዙሪያቸውን ይፈልጋሉ፣ ከኋላ የገፋ ዕቃ ያጣሉ። ያኔ ተሳፋሪው ራሱ ሲሄድ የነበረውን እንደቀጠለ፣ የቆመው መኪናው ብቻ እንደሆነ፣ የሚያስቆመው ኃይል የሚመጣው ከቀበቶው ወይም ከፊቱ ካለው ወንበር እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል። ኢነርሺያ የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በፊት ከመጣ ሌላ የሚሸመደድ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር የፍጥነትን ቀስት ከኃይል ቀስት መለየት ነው። ፍጥነት ከዕቃው ጎን፣ በሌላ ቀለም ጠመኔ ይሳላል፤ ኃይል ዕቃው ላይ ይሳላል። ልጁ ወደ ላይ አንድ ነገር መሳል ካማረው የሚያስቀምጥበት ቦታ ተሰጥቶታል ማለት ነው። እውነትም ኳሷ ሽቅብ የምትሄድበት ነገር አላት፤ ግን ፍጥነት ነው፣ የሚገፋት የለም። ይህ ልዩነት በዓይን ሲታይ በቃል ካስረዳሁት ሁሉ ይበልጣል። ደግሞም ከማስላት በፊት ይገምቱ፣ ግምታቸውን ለጎናቸው ይንገሩ፣ ይከራከሩ። ያልተናገረውን እምነት ማንም ሊያርምለት አይችልም።

አንዲት እናት ባለፈው ደውለውልኝ «ልጄ በሳምንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ሠራች ትላለች» ብለው ወቀሱኝ። እውነታቸውን ነው፣ የሊፍቱን ጥያቄ ነበር። ሽቅብ እየፈጠነ፣ ሽቅብ እየቀነሰ፣ ቁልቁል እየፈጠነ፣ ቁልቁል እየቀነሰ፣ ገመዱ ተበጥሶ። አምስቱንም በቀስት ሠርታ፣ ለእያንዳንዱ ባለቤቱን ጠርታ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጥር ያስገባችው። ይህን ለእናቲቱ አስረዳኋቸው፤ ምን ያህል እንዳረካቸው እንጃ። የሚቀጥለውን ማጠናከሪያ የመጀመሪያ ሳምንት ግን በዚሁ ነው የምጀምረው፣ ቁጥር የሌለባቸው ጥያቄዎች ብቻ ይዤ። ለባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር አለ። ብሔራዊ ፈተናውን እኛ አናወጣም፣ የክፍል ፈተናውን ግን የምናወጣው እኛው ነን። ከአሥር ጥያቄ ሦስቱ «ኃይሎቹን ሳልና ባለቤታቸውን ጻፍ» ይሁን፣ ነጥብም ይያዝበት፤ ልጆች ነጥብ የሌለውን ነገር አያጠኑም።