በእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ስለሚደክሙ አናባቢዎች

የግዕዝ ፊደል አናባቢውን በየመልኩ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ እኛ ዓይናችን ያየውን ሁሉ በሙሉ ድምፅ ማንበብ ለምደናል። ይህን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ግን ሁለት ችግር ይገጥመናል፤ ስንናገር ሰሚው ቃሉን አይለይልንም፤ ስንጽፍም ፊደል እንስታለን።

ሁለትና ከዚያ በላይ ክፍለ ቃል ባለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዱ ክፍል ጎልቶ ይነገራል። ባልጎላው ክፍል ያለው አናባቢ አብዛኛውን ጊዜ ይደክምና ከእኛው «ኧ» ጋር ወደሚቀራረብ አጭር ድምፅ ይለወጣል። የድምፅ ሊቃውንት «ሽዋ» ይሉታል፤ ስሙም ከዕብራይስጥ ሰዋስው የተወሰደ ነው እንጂ ከሸዋ አገር ጋር ዝምድና የለውም። ይህ ድምፅ በእንግሊዝኛ የራሱ ፊደል የለውም። «ኧባውት» በሚለው ቃል መጀመሪያ ኤ፣ በ«ፕሮብለም» መጨረሻ ክፍል ኢ፣ በ«ፔንስል» አይ፣ በ«ሌመን» ኦ፣ በ«ሰርከስ» ደግሞ ዩ በተባለው ፊደል ይጻፋል። አምስት ፊደል፣ አንድ ድምፅ ማለት ነው።

የሚጎላውን ክፍል ማወቅ ለትርጉምም ያስፈልጋል። «ዴዘርት» የፊተኛው ክፍል ሲጎላ በረሃ ነው፤ የኋለኛው ሲጎላ «ዲዘርት» ተብሎ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ ይሆናል። ጽሕፈቱ አንዱን በአንድ ኤስ፣ ሌላውን በሁለት ኤስ ይለያል፤ የትኛው ክፍል እንደሚጎላ ግን አያመለክትም። የእኛም ፊደል «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት መሆኑን አያሳይም። ሁለቱንም የሚያስተምረው ጆሮ ነው።

ለአጻጻፍ የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም የቃሉን ዘመድ መፈለግ ነው። «ግራመር» የሚለውን ስንጽፍ በመጨረሻው ክፍል ኤ ይግባ ወይስ ኢ ብለን እንጠራጠራለን። «ግረማቲካል» ስንል ግን «ማ» ስለሚጎላ ኤ መሆኑ በግልጽ ይሰማል። በአንጻሩ ቀድሞ ጎልቶ የነበረው የመጀመሪያው አናባቢ በዚህ ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ፊደሉ የሚያስቸግር ቢመስልም የቃላቱን ዝምድና ጠብቆ ይዟል። እርግጥ ዘዴው ለሁሉም አይሠራም፤ «ሌመን» «ሌመኔድ» ሲሆንም ኦው እንደ ደከመ ይቀራልና በቃል ከመያዝ በቀር መንገድ የለውም።

ስለዚህ አዲስ ቃል በደብተራችን ስንመዘግብ ከትርጉሙ ጋር የሚጎላውን ክፍል በጭረት ምልክት እንድናደርግ እናሳስባለን። በተለይም ነገ መምህራን የምንሆን፣ ተማሪዎቻችን የሚይዙት ከአፋችን የሰሙትን ስለሆነ፣ ይህን ከወዲሁ ልንለምደው ይገባናል።