ክርን ተመትቶ ጣት ሲነዝር

ክርንዎን የበር ጠርዝ ሲመታው እጅዎ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሁሉ ይነዝርዎታል። የተመታው ክርን፣ የሚነዝሩት ግን ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ነገሩን አልሰሙም።

በልጅነታችን አጥንቱ የነዘረን ይመስለን ነበር። ጥፋተኛው አልናር የተባለው ነርቭ ነው። ከአንገት ግርጌ ከኅብለ ሰረሰር ይነሣና በብብት አድርጎ ይወርዳል፤ ክርን ላይ ሲደርስ በውስጥ በኩል ጉብ ካለው አጥንት ኋላ፣ ሥጋ ሳይሸፍነው፣ ከቆዳ ሥር ያልፋል። አንጎል መልእክቱ ከመንገድ ይነሣ ከጫፍ አይለይም። በዚህ ነርቭ የመጣ ሁሉ ለእሱ የትንሿና የቀለበት ጣት ወሬ ነው።

የቆዳ ርስት ለነርቮች የተከፋፈለ ነው። መዳፍ ላይ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ሚዲያን ለተባለው ነርቭ ደርሰዋል፤ ከእጅ ጀርባ በአውራ ጣት በኩል ያለው የራዲያል ነው። የቀለበት ጣት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ወንዝ ዳር መሬት ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ የአልናር፣ ግማሹ የሚዲያን።

በእያንዳንዱ ነርቭ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች ታስረዋል። ስብ የለበሱት ወፍራሞቹ የንክኪን ወሬ በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ያስኬዳሉ፤ ልባስ የሌላቸው ቀጫጭኖቹ በሰከንድ 2 ሜትር እንኳ አያስኬዱም። የጋለ ምጣድ የነካ ሰው መጀመሪያ ውግት አድርጎት፣ ትንሽ ቆይቶ የሚለበልበውም ለዚህ ነው፤ ከሕመም ክሮችም ፈጣንና ዘገምተኛ አሉ።

አልናርን የሚጎዳ በሽታም አለ፤ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል። ክርን ላይ ለቆዳ የቀረበው አልናር ይመቸዋል፤ ነርቩ ያብጣል፣ ከዚያም ይደነዝዛል። ደዌው ጣት ይበላል ሲባል ኖሯል። ጣቱን በብዛት የሚያጠፋው ግን ሳይሰማ የተቃጠለ፣ ሳይሰማ የቆሰለና ያመረቀዘ ቁስል ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሞተን ነርቭ ግን አይመልስም። ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ነው ዋናው።

እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ውስጥ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት የተባለው ማዕከል የሚገኘው ዘነበወርቅ ሰፈር ነው። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ የሥጋ ደዌ ምርመራ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለሙያው ከክርን ኋላ ነርቩን በጣቱ ዳብሶ ውፍረቱን ይገምታል፤ ቀጥሎ ታካሚው ዐይኑን ይጨፍናል፣ ባለሙያውም በእስክሪብቶ ቆዳውን ነካ ነካ ያደርጋል። ትንሿ ጣት ላይ ዝም ያለ ሰው፣ እስክሪብቶው የቀለበት ጣትን መሃል ሲሻገር «እዚህ ጋ» ሊል ይችላል።