የሽሪምፕ እርሻና የሰርቨር ክፍል

የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ መርስክ ኦዴሳ ቢሮው ውስጥ ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ የዩክሬን የግብር ሒሳብ ሶፍትዌር አስጭኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 በዚሁ ሶፍትዌር ማደሻ ተሸሽጎ የገባው ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ የኮምፒውተር ቫይረስ በሰዓታት ውስጥ የኩባንያውን ዓለም አቀፍ ኔትወርክ ጸጥ አሰኘው። 4 ሺህ ሰርቨሮችና 45 ሺህ ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ተጫኑ፤ ኪሳራውም እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ኔትወርኩን መልሶ ለማቆም የረዳው ጋና ውስጥ መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጭ የነበረ አንድ ሰርቨር ነው። መብራት መጥፋትም ለካ አንዳንዴ ያተርፋል!

አሜሪካና ብሪታንያ በ2018 ለጥቃቱ ጣታቸውን ሩሲያ ላይ ቀሰሩ። እንደ መርስክ ያለ የውጭ ባለሀብት ግን ገንዘቡን ያፈሰሰው ዩክሬን ውስጥ ስለሆነ፣ በኢንቨስትመንት ስምምነት ሊከስስ የሚችለው ራሷ የተጠቃችውን አገር ነው።

በእነዚህ ስምምነቶች ውስጥ «ሙሉ ጥበቃና ደኅንነት» የሚል አንቀጽ ይገኛል። አንቀጹ በደንብ የተፈተነው በሽሪምፕ እርሻ ነው። በ1987 የስሪላንካ ጦር በታሚል አማፅያን ላይ ሲዘምት አንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ድርሻ ያለበት እርሻ ወደመ። የዓለም ባንክ ቡድን አካል በሆነው የኢንቨስትመንት ክርክር መዳኛ ማዕከል በኢክሲድ የተሰየሙት ዳኞች በ1990 ሲወስኑ፣ መንግሥት ጉዳት ጨርሶ እንዳይደርስ ዋስ አይሆንም፣ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ ግን አለበት አሉ። ከአማፅያኑ ጋር ያብራሉ ተብለው የተጠረጠሩ ሠራተኞችን ቀድሞ በሰላም ማስወጣት ይችል ነበርና 460 ሺህ ዶላር ፈረዱበት።

ይህ መለኪያ ለሰርቨርም ይሠራል ባይ ነኝ። ጥቃት እንደሚመጣ እያወቀ ኩባንያዎችን ያላስጠነቀቀ መንግሥት ከስሪላንካ በምን ይሻላል? ችግሩ ዳኞቹ አለመስማማታቸው ነው። በ2006 በሳሉካ ኩባንያና በቼክ ሪፐብሊክ ክርክር የተሰጠው ውሳኔ አንቀጹን በጉልበት ከሚፈጸም አካላዊ ጉዳት አሻግሮ አላየውም፤ በዚያው ዓመት በአዙሪክስ ኩባንያና በአርጀንቲና ክርክር የተሰጠው ውሳኔ ግን ሰፋ አድርጎ ተረጎመው። በዚህ ላይ በ2009 በአልባኒያ ጉዳይ የአገር አቅም ከግምት ይግባ ተብሏል፤ ለድሃ አገር ትልቅ እፎይታ ነው።

በኖትፔትያ የተጎዱ ኩባንያዎች ግን የሮጡት ወደ ኢንሹራንስ ነው። መርክ የተባለው የመድኃኒት አምራች 1.4 ቢሊዮን ዶላር ሲጠይቅ፣ መድን ሰጪዎቹ «ይህ ጦርነት ነው» ብለው እምቢ አሉ፤ የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤቶችም አልተቀበሏቸውም። ይሁን እንጂ የለንደኑ የመድን ገበያ ሎይድስ ከ2023 ጀምሮ መንግሥታት የሚደግፉት ከባድ የሳይበር ጥቃት ከሽፋን እንዲወጣ አዝዟል። ኢትዮጵያም ቴሌኮሙን በ2021 ለሳፋሪኮም ከፍታለችና፣ ተደራዳሪዎቻችን የሚቀጥለውን ስምምነት ሲፈርሙ ዳታና ሰርቨር በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠበቁ በጽሑፍ ያስፍሩ።